8 ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ዴስክቶፕ፦ ኪውኢሙን በአጭር ስክሪፕት ማስተዳደር ያዋጣል ወይስ ሌላ ነገር ልጫን?

ላብ_ጠባቂ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሊኑክስና ኔትወርክ አስተምራለሁ፣ በአንድ ዙር 8 ልጆች ነው ምይዘው። ሰርቨር ብዬ ምጠራው አንድ ዴስክቶፕ ነው፣ ራም 16 ጂቢ፣ ኤስኤስዲ 240 ጂቢ፣ ፕሮሰሰሩ 6 ኮር፣ ላዩ ላይ ዴቢያን 12 አለ። ልጆቹ አሮጌም ቢሆን የየራሳቸው ላፕቶፕ አላቸው፣ ከሱ ላይ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከርቀት መግቢያው) እየገቡ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቨርቹዋል ማሽን (ዴስክቶፑ ውስጥ በሶፍትዌር ሚፈጠር ኮምፒውተር) ላይ ይሰራሉ። ሩት (ሙሉ ስልጣን ያለው ዩዘር) ሆነው እንዲያበላሹት፣ ከዛ ራሳቸው እንዲያስተካክሉት ነው ምፈልገው፣ መጽሐፍ በማንበብ ብቻ ሊኑክስ አይለመድማ።

መጀመሪያ በቨርቹዋልቦክስ ነበር ምሰራው፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ግን እኔ በማውስ ነበር ምጠቀመው 8ቱን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስለማስነሳ ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ይበላብኝ ነበር። ስለዚህ ወደ ኪውኢሙ ተሻገርኩ፣ እሱም ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ ነው፣ ግን በኮማንድ። ፍጥነቱን ወድጄዋለሁ ችግሩ ኮማንዱ ነው፣ አንድ ማሽን ለማስነሳት ሶስት መስመር ይጻፋል፣ ራሙ፣ ዲስኩ፣ ፖርቱ፣ ኔትወርኩ፣ ምናምን። ሁሉንም በአንድ ቴክስት ፋይል አስቀምጬ ኮፒ ፔስት ነው ማደርገው። ባለፈው ሳምንት የማሽን 3ን መስመር ኮፒ አርጌ ፖርቱን ወደ 5 ቀየርኩና የዲስኩን ስም መቀየር ረሳሁ፣ ተማሪ 3 የዛን ቀን ቀርቶ ነበር፣ ተማሪ 5 አንድ ሰአት ሙሉ የሱ ዲስክ ላይ ስትሰራ ቆየች ማናችንም አላወቅንም።

ከዛ ደሞ መብራቱ። ሐሙስ ከሰአት ክፍል ውስጥ እያለን ድርግም አለ፣ ሲመለስ ከ8ቱ ማሽኖች 2ቱ አልነሳ አሉ፣ አንደኛው ጥቁር ስክሪን ላይ የፋይል ሲስተም ኤረር እየደረደረ እዛው ቀረ። የሁለት ሳምንት ስራዋ የጠፋባት ልጅ ምንም አላለችኝም፣ ዝም ብላ ደብተሯን ከፍታ ከመጀመሪያው ጀመረች፣ እሱ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

ምጠቀመው መስመር እንደዚህ ነው፦ ኬቪኤም (ማሽኖቹን ሚያፈጥነው የሊኑክስ ክፍል) ክፍት ነው፣ ለያንዳንዱ 1 ጂቢ ራም፣ ዲስኩ ኪውካው2 (የኪውኢሙ የራሱ የዲስክ ፋይል) ፎርማት በቨርታዮ (ለቨርቹዋል ማሽን በተሰራው ፈጣን መንገድ)፣ ካሹ አንሴፍ (ይፈጥናል ሲባል አንብቤ ነው)፣ ኔትወርኩ ዩዘር ሞድ ሆኖ ወደ ማሽኑ 22 ፖርት (የኤስኤስኤች በር) ፎርዋርድ ይደረጋል። የያንዳንዱ ተማሪ ዲስክ ሙሉ ኮፒ ነው፣ ወደ 9 ጂቢ ይመጣል፣ ስምንቱ ከ70 ጂቢ በላይ ይዘውብኛል።

ጥያቄዬ፦ ለዚህ ሁሉ አንድ አጭር የባሽ ስክሪፕት ልጻፍለት ወይስ ሊብቨርት (ቨርቹዋል ማሽኖችን ሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ልጫን ወይስ ጭራሽ እንደ ፕሮክስሞክስ ያለ ትልቅ ነገር ውስጥ ልግባ? እኔ ልቤ ያለው አጭሩ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው ሊያነቡት ሚችሉት ነገር እንዲሆን እፈልጋለሁ። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የሐረጎ_መንገድ (ኮምቦልቻ)

ልጄ አብሽር፣ ሚፈታ ነገር ነው። ግን ከስክሪፕቱ በፊት የዲስኩን ጉዳይ እናንሳ፣ ምክንያቱም የፈለገ ሸጋ ስክሪፕት ብትጽፍ ካሹ አንሴፍ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ መብራት በሄደ ቁጥር ልብህ መቃጠሉ አይቀርም። ውስጥ ያለው ሊኑክስ "ይሄን አሁኑኑ ዲስክ ላይ አስፍርልኝ" ብሎ ፍላሽ ሚባለውን ትእዛዝ ሲልክ በአንሴፍ ጊዜ ኪውኢሙ ትእዛዙን ችላ ይለውና "አስፍሬያለሁ" ብሎ ይመልሳል። ዳታው ግን ገና የዴስክቶፑ ራም ላይ ነው ያለው። ፋይል ሲስተሙ ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) ሚይዘው መብራት ቢጠፋም እንዲተርፍ ነው፣ ጆርናሉ ግን ሚያድነው የጽሕፈቱ ቅደም ተከተል ከተጠበቀ ብቻ ነው፣ አንሴፍ እሱን ነው ሚያፈርሰው። ዲፎልቱ ራይትባክ ነው፣ እሱ ፍላሹን ያከብራል ፍጥነቱም አይከፋም፣ ስለዚህ ካሽ ሚለውን ነገር ጨርሰህ ከመስመሩ አውጣው። አንሴፍ ሚሆነው ቢበላሽ ማይቆጭህን፣ እንደገና ምትጭነውን ነገር ስትሞክር ነው። የተማሪ ስራ እንደዛ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሙሉ ኮፒ ለምን ታደርጋለህ? አንድ እናት ዲስክ አዘጋጅ። የዴቢያንን የክላውድ ኢሜጅ አውርደህ፣ ለትምህርቱ ሚያስፈልገውን ሁሉ ጭነህበት ዝጋው። ከዛ ለያንዳንዱ ተማሪ በኪውኢሙ-አይኤምጂ እናቷን ተደግፎ ሚፈጠር ልጅ ዲስክ ታወጣለህ፣ በማይነስ ቢ እናቷን ታሳየዋለህ፣ በትልቁ ኤፍ ደሞ የእናቷን ፎርማት ትነግረዋለህ (ከኪውኢሙ 6.1 ወዲህ ፎርማቱን ካልነገርከው እምቢ ይላል)። ልጁ ሲወለድ 200 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ ተማሪው የቀየረውን ብቻ እየያዘ ነው ሚያድገው፣ ያልተነካው ሁሉ ከእናቱ ይነበባል። 70 ጂቢህ ወደ ጥቂት ጂቢ ይወርዳል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን እንዳትረሳ፣ ልጆች ካወጣህባት በኋላ እናቷን አስነስተህ አንድ ፊደል ብትጽፍባት ልጆቹ ሁሉ ይበላሻሉ። ስለዚህ ወዲያው በሲኤችሞድ 444 (ማንበብ ብቻ) አድርጋት፣ ሩት ሆነህ ምትሰራ ከሆነ እሱም አይበቃም፣ በሲኤችኤትር ፕላስ አይ ቆልፋት። እናቷን ከመዝጋትህ በፊት ደሞ ኢቲሲ ስር ያለውን የማሽን-አይዲ ፋይል ባዶ አድርገው፣ አለበለዚያ ስምንቱም አንድ መታወቂያ ይዘው ይወለዱና በኋላ ከዲኤችሲፒ (አይፒ አዳዩ) አንድ አይፒ መሻማት ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ስክሪፕቱ። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ስሰራ ለሙከራ ማሽኖች ምጠቀምባት አንዲት አለችኝ፣ 80 መስመር አትሞላም። ሚስጥሯ አንድ ነው፣ ሰው ሚሰጣት ቁጥር ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከቁጥሩ ይወለዳል። 3 ካልካት ዲስኩ ተማሪ3 ነው፣ ፖርቱ 2203 ነው፣ የፕሮሰስ ቁጥሩን ሚይዘው ፋይልና የሞኒተሩ (ኪውኢሙን ማዘዣው) ሶኬትም በ3 ይሰየማሉ። ያንተ የ3 እና የ5 መደባለቅ ከዚያ በኋላ ሊፈጠር አይችልም፣ ምክንያቱም ፖርትና ዲስክ ለየብቻ ሚጻፍበት ቦታ የለም።

ውስጧ አንድ ኬዝ (የባሽ የምርጫ ዝርዝር) ብቻ ነው ያለው፣ ፍጠር ሲባል ልጅ ዲስክ ያወጣል፣ አስነሳ ሲባል ኪውኢሙን በዴመናይዝ ከጀርባ ያስነሳል፣ ግባ ሲባል ኤስኤስኤች ይከፍታል። ለመዝጋት በሶካት ኮማንድ በኩል ወደ ሞኒተር ሶኬቱ ሲስተም ፓወርዳውን ሚለውን ትልካለህ፣ ያ ማለት የኮምፒውተሩን ማብሪያ በተን አንዴ ጫን እንደማድረግ ነው፣ ውስጥ ያለው ሊኑክስ ሰምቶ ራሱን በወግ ይዘጋል። እስከ 60 ሰከንድ ጠብቅ፣ ካልተዘጋ "አልተዘጋም" ብሎ ይንገርህ እንጂ ራሱ እንዳይገድለው።

ደሞ ስክሪፕቱ ከማስነሳቱ በፊት ሚያስኬደውን ሙሉ የኪውኢሙ ኮማንድ ስክሪኑ ላይ ይጻፈው። ልጆቹ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ ብለሃል፣ እንግዲያውስ በየቀኑ ሲያዩት ራም የቱ ጋ እንደሚጻፍ ዲስክ የቱ ጋ እንደሚገባ ሳይታወቃቸው ያውቁታል። ስክሪፕቱ ሲሰበር ደሞ ያን መስመር ኮፒ አድርገህ በእጅህ ታስነሳለህ፣ ክፍሉ አይቆምም።

ቀጥታ_ቪርሽ (ወልዲያ)

ስለ ካሹና ስለ እናት ዲስኩ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ በስክሪፕቱ ግን ትንሽ ልከራከር። ወንድምዓለም፣ የፕሮሰስ ቁጥር ፋይል፣ የሞኒተር ሶኬት፣ ማን ተነስቷል ማን ተኝቷል ሚለውን መከታተል፣ ዴስክቶፑ ሲነሳ ማሽኖቹም አብረው እንዲነሱ ማድረግ... ይሄ ሁሉ እኮ ተጽፎ ያለቀ ነው፣ ሊብቨርት ሚባለው እሱው ነው። ጭነህ ቪርሽ በሚባለው ኮማንዱ ቪርሽ ስታርት ትላለህ ይነሳል፣ ቪርሽ ሸትዳውን ትላለህ በወግ ይዘጋል፣ ቪርሽ ኦቶስታርት ካልከው ዴስክቶፑ በተነሳ ቁጥር ይነሳል። በዛ ላይ ሊብቨርት-ጌስትስ ሚባለው ሰርቪስ አለ፣ ዴስክቶፑ ራሱ በወግ ሲዘጋ ማሽኖቹን ቀድሞ ያስተኛል ወይ ይዘጋል፣ አንተ ሳታስታውስ። ማኔጅድሴቭ ደሞ ራሙን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ማሽኑን ያቆመውና በማግስቱ ተማሪው ካቆመበት መስመር ይቀጥላል፣ ይሄን በ80 መስመር ባሽ አትጽፈውም።

ኔትወርኩም ተዘጋጅቶ ነው ሚመጣው፣ ዲፎልቱ 192.168.122 ሚጀምር መረብ ነው፣ ማሽኖቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። በዩዘር ሞድ ግን እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ታጥሮ ነው ያለው፣ ሁሉም ራሱን 10.0.2.15 ብሎ ነው ሚያየው፣ ኔትወርክ ምታስተምር ከሆነ ልጆቹ አንዱ የሌላውን ማሽን ፒንግ ማድረግ አለባቸው አይደል?

ፕሮክስሞክስ ሸጋ ነው፣ ግን ዴስክቶፑን ሙሉ በሙሉ ለሱ መስጠት ነው፣ ለ8 ማሽን አልመክርህም። የኔ ሐሳብ፣ ስክሪፕት ከፈለግክ ጻፍ፣ ግን በኪውኢሙ ላይ ሳይሆን በቪርሽ ላይ ጻፈው። 20 መስመር ይበቃሃል።

የሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ሚለው ውስጥ አልገባም፣ ሁለቱም ይሰራሉ። ማነሳው ስለ ቃላቱ ነው፣ ምክንያቱም አጭር ስክሪፕት ዋናው ጥቅሙ ቃል መምረጡ ላይ ነው ብዬ ስለማምን።

ከዚህ በፊት በሰራሁበት ቦታ የኛም ስክሪፕት በአማርኛ ነበር፣ ባሽ እኮ ኬዝ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ያለ ምንም ችግር ይቀበላል። ያኔ ለመዝጊያው "አጥፋ" ነበር ያልነው። አንዲት አዲስ ሰራተኛ አጠገቤ ቁጭ ብላ የማትፈልገውን ማሽን ልትሰርዝ "አጥፋ 4" አለች፣ ማሽኑ ተዘጋ፣ ፋይሉም ሄደ ብላ ተነሳች፣ ዲስኩ ግን እዛው ነበር፣ ውስጡ መኖር ማይገባው የደንበኛ ዳታ እንደያዘ ወር ሙሉ ቆየ። ሌላው ልጅ ደሞ በተቃራኒው፣ ሚሰርዝ መስሎት ስሙ ሚያስፈራ ስለሆነ አጥፋን ነክቶት አያውቅም፣ ሁሌ በግድ ነበር ሚገድለው። በኛ ቋንቋ መብራትም ይጠፋል ፋይልም ይጠፋል ሰውም ይጠፋል፣ አንድ ቃል ነው። በቪርሽም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፣ ዲስትሮይ ሚለው ኮማንድ ስሙን ላየው ሰው ማሽኑን ከነዲስኩ ሚደመስስ ይመስላል፣ ስራው ግን ገመዱን መንቀል ብቻ ነው፣ ዲስኩ አይነካም። ዝርዝሩ ላይ ያለውን ምዝገባ ሚያወጣው አንዲፋይን ነው።

ስለዚህ እኔ እንዲህ አድርጌ ነው አሁን ምጠቀመው፦ በወግ ለመዝጋት "ዝጋ"። እምቢ ሲል ገመድ ለመንቀል "ንቀል"። የተማሪውን ስራ ጥሎ ከእናቱ አዲስ ልጅ ለማውጣት "መልስ"። ዲስኩን ጨርሶ ለማስወገድ "ሰርዝ"። ማን ማን ተነስቷል ለማለት "ማነው"። አጥፋ ሚለው ቃል ስክሪፕቱ ውስጥ የለም፣ ሰው ቢጽፈው "ዝጋ ማለትህ ነው ወይስ ሰርዝ?" ብሎ ይጠይቀዋል፣ ምንም አያደርግም።

የፊደሉን ነገር ተጠንቀቁ፣ አንዱ አስነሳ ብሎ ይጽፋል ሌላው አስነሣ ይላል፣ ሰርዝና ሠርዝም እንደዛው፣ ለኛ አንድ ናቸው ለባሽ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ኬዙ ውስጥ ሁለቱንም በቀጥ ያለ መስመር ለይቶ መጻፍ ነው። ኪቦርድ መቀያየር ለሚሰለቸው ደሞ አጭር የላቲን ፊደልም ጨምሩለት። የማሽኑ የራሱ ሆስትኔም ግን የግድ በላቲን ፊደልና በቁጥር ነው፣ እሱ ላይ ግዕዝ አይቻልም።

አንድ ሌላ፣ ሰርዝ ላይ። መጀመሪያ የጻፍኩት ፎልደሩንና ቁጥሩን ገጣጥሞ አርኤም (መሰረዣው ኮማንድ) ያደርግ ነበር። አንድ ቀን ቁጥሩን ሳልጽፍ ኢንተር ነካሁ፣ ቁጥሩ ባዶ ስለነበረ ሚሰረዘው ፎልደሩ ራሱ ሆነ፣ ያሉት ማሽኖች በሙሉ ሄዱ። ያረብ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አሁን መጀመሪያው መስመር ላይ ሴት ማይነስ ዩ ሚባለው የባሽ ትእዛዝ አለ፣ ቁጥሩን ሚቀበለው ቫሪያብልም ባዶ ከሆነ እዛው ቆሞ ይጮሃል፣ ቁጥሩ ከ1 እስከ 8 ካልሆነ ደሞ አይቀበልም። ስክሪፕቱን ስትጨርስ ሼልቼክ በሚባለው አስፈትሸው፣ ጥቅስ የረሳህበትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ያሳይሃል።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ)

ሁላችሁንም ወላሂ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ የሐረጎ መንገድ እርስዎ ያሉትን የካሹን ነገር የዛኑ ቀን ነው ያወጣሁት። የሊብቨርቱን ሐሳብ ሳልንቀው ነው፣ ግን ልጆቹ ሚያነቡት እንዲሆን ስለፈለግኩ በኪውኢሙ ላይ ጻፍኩት፣ 94 መስመር ሆነ። ሼልቼክ 11 ቦታ ጥቅስ አስጨመረኝ። እህቴ የሐይቅ ዳር ቃላቶችሽን እንዳለ ወሰድኳቸው፣ አሁን ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ላይ እንዲህ ነው ሚታየው፦

ቪኤም ዝጋ 3
ማሽን 3፦ የመዝጊያ ምልክት ተልኳል
ማሽን 3፦ በ9 ሰከንድ ተዘግቷል

ቪኤም አጥፋ 3
"ዝጋ" ማለትህ ነው ወይስ "ሰርዝ"? ምንም አልተደረገም

ስምንቱ ልጅ ዲስኮች ባንድ ላይ ከሳምንት ስራ በኋላ 4 ጂቢ አልሞሉም። ጠዋት ሁሉንም ማስነሳት ከሁለት ደቂቃ በታች ነው።

ሁለት ነገር ግን አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ ፎልደሩን አስተካክዬ "የሊኑክስ-ስልጠና-ቨርቹዋል-ማሽኖች" አልኩት፣ ውስጡ ደሞ "የመጀመሪያ-ዙር-ተማሪዎች" ሚል አለ። ከዛ በኋላ አንዱም ማሽን አልነሳ አለ፣ የዩኒክስ ሶኬቱ አድራሻ ረዝሟል ይለኛል፣ እኔ ሳየው ግን ረጅም አይደለም። ሁለተኛ፣ ወንድሜ ቀጥታ ቪርሽ እንዳልከው ማሽኖቹ እንዲተያዩ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨመርኩላቸው፣ በሶኬት መልቲካስት ሚሰራውን፣ ሩት ስለማይፈልግ። ለያንዳንዱ በእጅ አይፒ ሰጠሁት፣ ፒንግ ግን የለም። ሁለት ቀን ሙሉ አይፒውንና ማስኩን ስፈትሽ ነው የከረምኩት።

የሐረጎ_መንገድ (ኮምቦልቻ)

ጎበዝ፣ በርታ። ሁለቱም ከአይፒ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም።

የመጀመሪያው ከፊደላችን ጋር የተያያዘ ነው። ሊኑክስ ላይ የዩኒክስ ሶኬት አድራሻ 108 ባይት ብቻ ነው ሚይዘው፣ መጨረሻ ላይ ዜሮ ስላለ ላንተ 107 ይቀርሃል። ባይት ነው ያልኩት፣ ፊደል አይደለም። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው፣ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ያንተን እንቁጠር፣ የመጀመሪያው ፎልደር 18 ፊደል ነው ሁለተኛው 13፣ ድምር 31፣ በ3 ሲባዛ 93 ባይት፣ አምስቱ ሰረዞች ሲጨመሩ 98። የሆም ፎልደርህና የሶኬቱ ስም ገና አልተቆጠሩም፣ በቃ ሞልቶ ፈሰሰ። ዲስኩ ላይ ይሄ ችግር የለም፣ የፋይል አድራሻ ሰፊ ቦታ ስላለው፣ ለዛ ነው የፎልደሩ ስም እዛ ሳያስቸግርህ ሶኬቱ ላይ ብቻ ያስቸገረህ። ስሙን አትቀይር፣ ሸጋ ስም ነው። ዲስኮቹ እዛው ይቆዩና ሶኬቶቹንና የፕሮሰስ ቁጥር ፋይሎቹን ብቻ ራን ስር፣ ዩዘር ስር ወዳለው ያንተ ፎልደር ውሰዳቸው። አጭር ነው፣ ደሞ ራም ላይ ስላለ ዴስክቶፑ በድንገት ጠፍቶ ሲነሳ የድሮ ሶኬት ተርፎ "ማሽኑ ተነስቷል" ብሎ አያታልልህም። አንድ ነገር ብቻ፣ ያ ፎልደር ከዴስክቶፑ ሙሉ በሙሉ ሎግአውት ስታደርግ ይጠፋል፣ እንዳይጠፋ በሎግኢንሲቲኤል ለዩዘርህ ሊንገር ክፈትለት።

ሁለተኛው የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ነው። ኪውኢሙ ማክ ካልሰጠኸው ለያንዳንዱ ማሽን የመጀመሪያ ካርድ 52:54:00:12:34:56 ይሰጣል፣ ለሁለተኛው ካርድ 57 ሚያልቀውን። እያንዳንዱ ኪውኢሙ ለብቻው ስለሚነሳ ሌላው ምን እንደወሰደ አያውቅም፣ ስለዚህ ስምንቱም ማሽኖችህ ሁለተኛ ካርዳቸው አንድ ማክ ነው የያዘው። በዩዘር ሞድ እያንዳንዱ የታጠረ ስለነበር ማንም አልተጋጨም፣ አንድ መረብ ላይ ስታገናኛቸው ግን ስምንት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ሆነ፣ ፓኬቱ ለማን እንደሚሄድ ምን ይወቅ። ሁለት ማሽን ውስጥ ገብተህ አይፒ ሊንክ በልና አስተያየው፣ መጨረሻቸው 57 ሆኖ ታገኘዋለህ። መፍትሔው እዛው ቁጥሩ ላይ ነው፣ የማክ አድራሻውም ከማሽኑ ቁጥር ይወለድ፣ ማሽን 3 ከሆነ 52:54:00:00:02:03 ይሁን፣ መሃል ያለው 02 ሁለተኛ ካርድ ማለት ነው።

ቀጥታ_ቪርሽ (ወልዲያ)

ማኩን ሊብቨርት ራሱ ነበር ለያንዳንዱ ለይቶ ሚሰጠው :) ግን ልጆቹ ከዚህ ስለ ማክ አድራሻ ሚማሩትን ሳስበው አንተ የመረጥከው መንገድ ለክፍል ይሻላል፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ለቢሮ ሚሰራ ሰው ግን ካነበበው አሁንም ሊብቨርት ነው ምለው።

የመብራቱን ነገር ማንም አልጨረሰውም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ሚያቆይ ባትሪ) አለህ? ካለህ ለኮምፒውተሩ ሚናገርበት የዩኤስቢ ገመድ አለው?

ላብ_ጠባቂ (ደሴ)

ዩፒኤስ አለኝ፣ 15 ደቂቃ ገደማ ያቆያል፣ ዩኤስቢ የለውም። መብራት ሲሄድ ሚጮኸው ድምጹ ብቻ ነው፣ ክፍል ውስጥ ካልሆንኩ ማንም አይሰማውም።

የሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)

እኛ ጋም ዩኤስቢ የሌለው ነው፣ እንዲህ ነው ያደረግኩት። ስራ የፈታ አሮጌ ራውተር አለህ? ዴስክቶፑና ዋናው ራውተር ዩፒኤሱ ላይ ይሁኑ፣ አሮጌው ራውተር ግን በቀጥታ ከግድግዳው ይሰካ፣ በኔትወርክ ገመድ ብቻ ከዋናው ጋር ይገናኝ። ስራው መኖር ብቻ ነው። አንድ ትንሽ ስክሪፕት በየ10 ሰከንዱ ፒንግ ታደርገዋለች፣ 6 ጊዜ በተከታታይ ካልመለሰ መብራት ሄዷል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ "ዝጋ ሁሉንም" ትላለች፣ ሁሉም ከተዘጉ በኋላ ዴስክቶፑን ራሱን ትዘጋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ባለመመለሱ እንዳትዘጋ፣ የኔትወርክ ገመድ ሲነቀነቅም ፒንግ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፣ እኔ መጀመሪያ በአንዱ አርጌው ጠረጴዛ ሲያጸዱ ማሽኖቹ ሁሉ ይዘጉብኝ ነበር።

ስምንቱን አንድ በአንድ እየጠበቅክ አትዝጋ፣ ምልክቱን ለሁሉም ባንዴ ላክና ከዛ አብረህ ጠብቃቸው። አንድ በአንድ 60 ሰከንድ ከጠበቅክ 8 ደቂቃ ይሄዳል፣ ያረጀ ባትሪ ደሞ 15 ደቂቃ አልኩ ብሎ 7 ላይ ይተኛል።

ላብ_ጠባቂ (ደሴ)

ሁሉንም አድርጌ ነው የተመለስኩት። ማኩን ከቁጥሩ እንዲወለድ እንዳደረግኩት ፒንጉ ወዲያው መለሰ፣ ልጆቹን በፊት 57 ሚያልቀውን ስምንቱም ማሽን ላይ ራሳቸው እንዲያዩት አድርጌ ነበር፣ አንዱ ልጅ "ታዲያ ሁላችንም አንድ ሰው ነበርን ማለት ነው" አለ። ሶኬቶቹም ራን ስር ገብተዋል።

አሮጌ ራውተር ከቤት አምጥቼ በሩ አጠገብ ካለው ሶኬት ሰካሁት፣ "አይነቀል" ብዬ ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ሰኞ ከሰአት 9 ሰአት ተኩል ላይ መብራት ሄደ፣ እኔ ክፍል ውስጥ አልነበርኩም፣ ቡና ልጠጣ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ዴስክቶፑ ጸጥ ብሏል። መብራቱ ማታ መጥቶ ሎጉን ስከፍተው 6ቱ ፒንግ አልተመለሱም ይላል፣ ለስምንቱም ምልክት ተልኳል ይላል፣ የመጨረሻው ማሽን በ31 ሰከንድ ተዘግቷል። ማክሰኞ ጠዋት ስምንቱንም አስነሳኋቸው፣ አንዱም ኤረር አላወጣም፣ በኪውኢሙ-አይኤምጂ ቼክም አስፈተሽኳቸው ንጹህ ናቸው።

ያቺ ስራዋ የጠፋባት ልጅ ስክሪፕቱ ላይ "ቅዳ" ሚል ጨምርልኝ አለችኝ፣ ማሽኑ ሲዘጋ ልጅ ዲስኩን ወደ ፍላሽ ሚገለብጥ። ራስሽ ጻፊው ብዬ ፋይሉን ሰጠኋት፣ ማሽኑ ተነስቶ እያለ እንዳይገለብጥ ማረጋገጫውን የቱ ጋ እንደምታስገባ እያሰበች ነው፣ አሁን መስመር 101 ላይ ደርሳለች።